አሮጌ ዕቃ ስታስወጡ ብዙ እንዳትከፍሉ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ «አሮጌ ዕቃ ለማንሳት ለምን ይሄን ያህል ትጠይቃላችሁ?» ብላችሁናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ዋጋው ከምን እንደሚመጣ ካወቃችሁ ራሳችሁ ልትቀንሱት ትችላላችሁ።

እኛ በኪሎ አናስከፍልም። የምናየው ዕቃው አይሱዙው ላይ የሚይዘውን ቦታ፣ የሚወርድበትን ፎቅና የምልልሱን ብዛት ነው። ያልተፈታ ቁምሳጥን ባዶውን ሰፊ ቦታ ይይዛል። በካቻቢቴ ብሎኑን ፈትታችሁ ጣውላውን ካነባበራችሁት ግን ጥግ ይዞ ይቆማል፤ ሶፋውም ፍራሹም አብሮ ይገባል። ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆናችሁማ ያልተፈታ ዕቃ ደረጃው ላይ መዞር አቅቶት ግድግዳ እየፋቀ፣ ጫኞቹም እያረፉ ነው የሚወርደው፤ የጫኝ ሂሳብ የሚጨምረው እዚያ ላይ ነው።

ዋናው ምክራችን ግን ይሄ ነው፦ ለእኛ መጨረሻ ላይ ደውሉ። መጀመሪያ የሚሸጠው ይሸጥ። ብረት፣ ቆርቆሮ፣ ሃይላንድ፣ ጠርሙስ ካለ ቆራሊዮ በበራችሁ ሲያልፍ ጥሩት፤ የመጀመሪያው ዋጋ ካልጣማችሁ ሌላ እስኪመጣ ጠብቁ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ ብታዩ አሮጌው በርሜል ተቆርጦ የከሰል ምድጃ ሲሆን ታገኙታላችሁ። ሰው ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛችሁን ዕቃ እኛ ከፍላችሁን እንድንወስደው አንፈልግም። የተበላሸ ፍሪጅ ከሆነ ደግሞ በብረት ዋጋ ከመሸጣችሁ በፊት የሰፈራችሁን ጠጋኝ ጠይቁት፤ ሞተሩ የሚሠራ ከሆነ ለብቻው ያወጣል። ቱቦውን ግን ራሳችሁ እንዳትቆርጡት፣ ውስጡ ጋዝ አለ። የመኪና ባትሪም አትክፈቱ፣ አሲድና እርሳስ ነው፤ ልጆች ያሉበት ግቢ ከሆነ አደራ።

ቤት አድሳችሁ ከሆነ የብሎኬትና የሴራሚክ ስባሪውን ከዕቃ ጋር አትቀላቅሉት። ለብቻው በማዳበሪያ፣ ሰው ሊሸከመው በሚችለው ልክ አድርጉት። ጎረቤት የሚገነባ ሰው ካለ ለመሬት መሙያ ሊፈልገው ስለሚችል ጠይቁት። የወጥ ቤት ቆሻሻ ለእኛ አትስጡ፤ የጽዳት ክፍያውን ከውሃ ቢል ጋር እየከፈላችሁ ስለሆነ ለሰፈሩ ማኅበር ልጆች ስጡ።

ጊዜም ምረጡ። ከእንቁጣጣሽና ከፋሲካ በፊት ሁሉም ቤቱን ስለሚያጸዳ መኪና ይጠፋል፣ ይወደዳልም። በዓሉ ይለፍ። ክረምት ላይ ደጅ ያደረ ፍራሽ ውሃ ጠጥቶ ለሁለት ሰውም ይከብዳል፣ ስለዚህ በረንዳ ውስጥ አቆዩት። ከሁሉ የሚያዋጣው ደግሞ ከብሎካችሁ ጎረቤቶች ጋር ተነጋግራችሁ አንድ መኪና በጋራ መጥራት ነው።

«በርካሽ እናነሳላችሁ» ብሎ ወንዝ ዳር ለሚደፋ ሰው ዕቃችሁን አትስጡ። ደንብ ማስከበር ሲይዘው የዕቃው ባለቤት ማነው መባሉ አይቀርም። የከተማው ቆሻሻ የሚጣልበት ረጲ፣ ቆሼ ላይ በመጋቢት 2009 የቆሻሻ ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሞቷል። እኛ የሚሸጠውን ሽጡ፣ የሚሠራውን ስጡ የምንለው ለኪሳችሁ ብቻ ብለን አይደለም፤ ወደዚያ የሚሄደው እንዲያንስም ነው።

የቀረውን ዕቃ በቴሌግራም ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን፤ ፎቁንም ጻፉ። ዋጋውን ሳንመጣ እንነግራችኋለን። ሰፈራችሁ የጫኝና አውራጅ ማኅበር ካለ ቀድማችሁ አሳውቁን፣ ሂሳቡን መኪናው ሳይቆም እንጨርሳለን።