ተራ የማይጠብቅ ውሃ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔም ቤተሰቡም ደህና ነን፤ ሙቀቱ እንደምታውቂው ነው። ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ ማጣራት ከጀመርን ደብዳቤው በክስ ስለሚያልቅ እንለፈው። ብዕር ያስነሳኝ ታናሽ እህትሽ ናት። ቀፊራ ገበያ ስንገናኝ፣ ከዱባይ ተጠቃልለሽ ልትመጪ መሆኑን፣ በያዝሽው ገንዘብም ደቻቱ ወንዝ ዳር ሱቅ ልትከፍቺ ማሰብሽን ነገረችኝ። ኪራዩ ከከዚራ ሰፈር ይረክሳል፣ ገበያተኛውም በደጅሽ ያልፋል፤ ሐሳብሽ ይገባኛል። ሆኖም «አሁንማ የጎርፍ መከላከያው ግንብ ተሠርቷል፣ ምን ያስፈራሻል?» የሚሉሽ ሰዎች ሳይቀድሙኝ የምልሽ አለኝ።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ጎርፉ ያደረገውን ለአንቺ አልተርክልሽም፤ አብረን ነበርን። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ በላያችን ያለው የሐረርጌ ደጋ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ የዘነበው ዛፍ በተመነጠረበት ቁልቁለት ተንደርድሮ ወደ እኛ ይወርዳል። ደቻቱ ደግሞ ከዓመት እስከ ዓመት አሸዋ ነው፤ ግመል ይነዳበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ገበያ ይዘረጋበታል። ወንዝ መሆኑ ትዝ የሚለን ሲገድለን ብቻ ነው። ያን ሌሊት ሰው በተኛበት ከ250 በላይ ሕይወት ጠፋ፤ 10,000 የሚጠጋ ሰው ቤት አልባ ሆነ። በሳምንቱ በደቡብ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ከ300 በላይ ሰው ከነከብቱ ወሰደ፤ ሐዘን በሐዘን ላይ።

ስለ ሞቱት ብዙ ተብሏል፣ ተለቅሷልም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያብሰለስለኝ በሕይወት የተረፉት እንዴት እንደደኸዩ ነው። የእናትሽን ሱቅ አስቢው። መደርደሪያው ላይ የነበረው ስኳርና ዘይት ግማሹ የእርሷ አልነበረም፤ ሲሸጥ ሊከፈል ከጅምላ ነጋዴ በዱቤ የመጣ ነው። በሌላ በኩል የሰፈሩ ሰው ባለዕዳዋ ነበር፤ ስሙ በደብተሯ ሰፍሯል። ውሃው ዕቃውንም ደብተሩንም ይዞ ሄደ። የጅምላ ነጋዴው ደብተር ግን ከዚራ ነበር፣ አንድም ገጽ አልረጠበበትም። ድንኳን ውስጥ ሆነው ዕዳቸውን አስታውሰው የከፈሏት ነበሩ፤ ታውቂያቸዋለሽ። ያልከፈሉትንም ታውቂያቸዋለሽ፤ ዛሬም ቀፊራ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ ቡና ግን አንጠራራም።

እድሩስ? እድርም ሆነ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን አፎቻ የተመሠረተው ሞት ተራ ይጠብቃል በሚል ሒሳብ ነው። ዛሬ ከአንዱ ቤት ይገባል፣ ከወራት በኋላ ከሌላው፤ ሌላው ያስተዛዝናል። በአንድ ሌሊት ስንት ቤት ሲዘጋ የእድሩ ድንኳን ለየትኛው ደጅ ይተከል? ቀባሪው ራሱ ሐዘንተኛ ነበር። የእናቶቻችን እቁብም በዚሁ መንገድ አለቀ። ዳኛዋም ጸሐፊዋም፣ ቀድማ የበላችውም ገና ያልደረሳትም፣ ሁሉም አንድ ረድፍ ላይ ነበሩ የሚሸጡት። የበላችው ገንዘቡን በዕቃ አውላዋለች፤ ዕቃው ከሄደ ከየት አምጥታ ትጣል? ያልደረሳት ማንን ትጠይቅ? ማንም ማንንም ሳይክድ እቁቡ ፈረሰ። ሴቶቹ ግን ለረጅም ጊዜ እንደተካካደ ሰው ነበር የሚተያዩት፤ ይህን ሳስበው ዛሬም ያናድደኛል።

እርዳታው መጣ፤ ስንዴ፣ ብርድ ልብስ፣ ድንኳን፣ በኋላም ቤት። ክፉ አልናገርም፣ ነፍስ አትርፏል። መነሻ ካፒታል ግን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አይመጣም። አዲስ ቤት ከደረሳቸው መካከል የማውቃቸው የጉልት ነጋዴዎች ከገበያው ርቀው፣ የቲማቲሙን ትርፍ ለባጃጅ ሲከፍሉ ኖሩ።

ያኔ ነው በሰፈራችን እያንዳንዱ ቤት ሴት ልጆቹን መቁጠር የጀመረው። አንቺ የሄድሽው ዱባይ አምሮሽ አልነበረም፤ ትምህርትሽን አቋርጠሽ የእናትሽን የጅምላ ዕዳ ልትከፍዪ ነው። የጎርፍ ጉዳት ሲጠና ቤት ይቆጠራል፣ ከብት ይቆጠራል፣ ድልድይ ይገመታል፤ በሰው ቤት ወለል ያለቀው ወጣትነትሽ በየትኛው ሰንጠረዥ እንደሚገባ እኔ እንጃ። ሱቁን መልሶ ያቆመው የአንቺ ገንዘብ ነው። በዘመድ ሁሉ መካከል ጎርፉ ያልደረሰበት ገንዘብ እርሱ ብቻ ነበርና።

ግንቡን አልንቅም። ቢሆንም ደጋው ላይ የሚዘንበውን ግንብ አያስቆመውም፤ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. እንኳ ድሬ ውስጥ ጎርፍ ሰው ገድሏል። ሱቁን አትክፈቺ አልልሽም፤ ከደቻቱ ዳር ከሸሸን ገበያው የት ነው? ነገር ግን የለፋሽበትን ሁሉ መደርደሪያ ላይ አትደርድሪው፤ ከፊሉ ባንክ ይቀመጥ። የዱቤ መዝገቡን ማታ ማታ በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ ለእህትሽ ላኪላት። ከጅምላ ነጋዴው ጋር ስትዋዋዪ «አደጋ ቢመጣ ዕዳው በስንት ጊዜ ይከፈላል?» የሚለውን በጽሑፍ አስገቢ። ይስቅብሻል፤ ይሳቅ።

እኔም አዲስ እቁብ እያሰባሰብኩ ነው። ሆን ብዬ ከሳቢያንም፣ ከለገሃሬም፣ ከሐረርም ሰው ጨምሬበታለሁ፤ አንዷ መምህርት ናት፣ አንዷ ነርስ፣ ደመወዛቸው ደቻቱ ሞላ አልሞላ ይከፈላል። የረድፋችን ሴቶች «ባዕድ ሰበሰብሽብን» ብለው አኩርፈውኛል። አቦ፣ ያኩርፉ! አብሮ የሚሰጥም ሰው ብቻ ሰብስቤ ምን ልሠራ ነው?

ዙሩ በመስከረም ይጀመራል። ስምሽን ላስገባ ወይም ልተወው፣ ነሐሴ ሳያልቅ በእህትሽ በኩል ላኪብኝ። ናፍቄሻለሁ ብለሽ የመጀመሪያውን ዕጣ እንዳትጠይቂኝ ብቻ፤ ጸሐፊዋ ነርሷ ናት፣ እኔንም አትሰማኝም። የሱቁንም ውል ከመፈረምሽ በፊት የ98ቱ ውሃ እዚያ ግድግዳ ላይ እስከ የት እንደደረሰ አከራዩን ሳይሆን ጎረቤቶቹን ጠይቄ እጽፍልሻለሁ።

ጓደኛሽ፣ ከድሬዳዋ