ባሕር ላይ የሚሰባሰበውን ነጎድጓዳማ ደመና ስትከታተሉ

ውድ አባላት፣

ይህ መልእክት ደመናው ወደ አውሎ ነፋስ እያደገ መሆኑን እንድትለዩ ነው። በኢንፍራሬድ (የሙቀት ጨረር በሚለካ) የሳተላይት ምስል ላይ የሚታየው ደማቅ ቀለም የደመናው አናት ምን ያህል እንደቀዘቀዘ ብቻ ያሳያል፤ ከሥሩ ነፋሱ መዞር መጀመሩን አይነግርም። ስለዚህ ፀሐይ እንደወጣች በሚታይ ብርሃን የተነሳውን ምስል ክፈቱና ዝቅተኛዎቹ ደመናዎች በአንድ ማዕከል ዙሪያ መዞራቸውን ፈትሹ። ደመናው ሌሊት ገንፍሎ ከሰዓት በኋላ የሚበተን ከሆነ ገና አልተደራጀም።

አውሎ ነፋስ እንዲፈጠር የባሕሩ የላይኛው ውሃ ሙቀት 26.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ወይም ከዚያ በላይ፣ ሙቀቱም እስከ 50 ሜትር ጥልቀት የዘለቀ ቢሆን ይመቻል። ሙቅ ውሃ ብቻውን ግን አይበቃም። ብዙ ጊዜ የአውሎ ነፋሱን መፈጠር የሚያጨናግፈው በታችኛውና በላይኛው አየር መካከል ያለው የነፋስ ልዩነት ነው፤ በሰከንድ ከ10 ሜትር ሲበልጥ ዝናቡን ከማዕከሉ ገፍቶ ይነጥለዋል። ደረቅ አየር ሾልኮ ከገባም ደመናው ይሟሽሻል።

ዝናብ ለሚጠብቅ ሰው አውሎ ነፋሱ ስም ማግኘቱ ዋና ጉዳይ አይደለም። በብዙ ቀጠናዎች ስም የሚሰጠው ነፋሱ በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ነው፤ የዝናቡን መጠን ግን ይበልጥ የሚወስነው አውሎ ነፋሱ ከቦታ ቦታ የሚጓዝበት ፍጥነት ነው። እያዘገመ የሚያልፍ ደካማ ዝቅተኛ ግፊት ፈጥኖ ከሚሄድ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ የበለጠ ሊያዘንብ ይችላል።

ከሳምንት በላይ የራቀ የአንድ ሞዴል (የኮምፒውተር ትንበያ) ካርታ አይታችሁ እባካችሁ ማስጠንቀቂያ አታሰራጩ። የብዙ ትንበያዎችን ስብስብ ተመልከቱ፤ አውሎ ነፋሱ ይሄድባቸዋል የተባሉት መንገዶች ከተበታተኑ ጠብቁ።

በድርቅ የጠነከረ መሬት ውሃ ቶሎ ስለማይመጥ ጎርፍ ይፈጥናል። ቦዮችን አስቀድማችሁ ጥረጉ፤ የዝናብ መለኪያውንም ባዶ አድርጋችሁ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት አንብቡ።