ስሙን ያውቁታል፣ ሲያማቸው ግን ዝም ይላሉ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት «የዛሬ ልጅ ሁሉን ነገር ከስልኩ ያውቃል» የሚል አስተያየት አውጥታችሁ ነበር። ደጋግሜ አነበብኩት። ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሁሉን የሚያውቅ ልጅ ግን አላጋጠመኝም። የሚያጋጥሙኝ የበሽታ ስም የሚያውቁ ልጆች ናቸው።

ኤችአይቪ በምን በምን እንደሚተላለፍ ጠይቋቸው፣ አንድ በአንድ ይዘረዝሩላችኋል። ፈተና ላይ ይመጣላ። ለቫይረሱ የተጋለጠ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰ መከላከያ መድኃኒት ሊጀመርለት እንደሚችል ስነግራቸው ግን ክፍሉ ረጭ ይላል። ሴቶቹ ብዙዎቹ የኤችፒቪ ክትባት ወስደዋል። ለምን እንደተወጉ ስጠይቃቸው ግን የማህጸን በር ካንሰርን ለመከላከል ነው የምትል አንድ ሁለት ልጅ ብትገኝ ነው።

ይህን በደንብ ያሳየኝ አንድ የካርቶን ሳጥን ነው። ክፍል ጥግ ላይ አስቀመጥኩና «ስም ሳትጽፉ የፈለጋችሁትን ጠይቁ» አልኳቸው። የመጀመሪያው ሳምንት ባዶ ነበር። በሁለተኛው ሞላ። ወረቀቱን አራት አምስት ጊዜ አጣጥፈውታል። አንዳንዱ በግራ እጁ የጻፈ ይመስላል፣ የእጅ ጽሑፉ እንዳይታወቅበት። «የወር አበባዬ ሁለት ወር ቀርቶ መጣ። ከወንድ ጋር ምንም የለኝም። ምን ሆኜ ነው?» «ወንድ ነኝ፣ ጡቴ ሥር ጠጠር የመሰለ እብጠት አለ፣ ካንሰር ነው?» የዚህኛው ወረቀት ጠርዙ በላብ ረጥቦ ቀለሙ ፈሷል። እስኪያስገባው ድረስ ስንት ቀን በእጁ ጨብጦት እንደዞረ እንጃ።

መልሳቸው ከባድ አይደለም። የወር አበባ ከጀመረ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ወዲያ ወዲህ ማለቱ የተለመደ ነው። ከሦስት ወር በላይ ከጠፋ ግን ሐኪም ይየው። በጉርምስና ጊዜ የወንድ ልጅ ጡት ትንሽ ማበጡም ብዙ ጊዜ ከሆርሞን ለውጥ የሚመጣ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ይህን ሳይሰማ ያ ልጅ ስንት ሌሊት ካንሰር አለብኝ ብሎ ሳይተኛ አድሯል?

አሁን የምጽፈው የራሴን ቤት ነው። የእህቴ ልጅ 14 ዓመቱ ነበር። አንድ ሌሊት የዘር ፍሬው ላይ ድንገት ከባድ ሕመም ይነሳበታል። ያስመልሰዋል። እናቱን ግን «ሆዴን ነው» አላት። ትኩስ ነገር አጠጥታ፣ ሆዱን አሽታ አስተኛችው። እውነቱን የተናገረው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው፣ መራመድ ሲያቅተው። የዘር ፍሬው ተጠምዝዞ የደም ሥሩ ታንቆ ነበር። እንዲህ ያለው ሕመም በአብዛኛው የሚይዘው በዚሁ ዕድሜ ያሉትን ነው። ሕመሙ ከጀመረ በ6 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ከተደረገ የዘር ፍሬው ብዙ ጊዜ ይተርፋል። የእሱ አልተረፈም፣ ወጣ።

ዛሬ ደህና ነው። ሐኪሙም በቀረው በአንዱ ልጅ መውለድ እንደሚችል ነግሮታል። እኔ ግን ሕሊናዬ አላረፈም። የዘር ፍሬን ሥዕል ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ስያለሁ፣ ክፍሎቹንም አስጽፌያለሁ። «እዚህ ጋ ድንገት ካመማችሁ፣ ሌሊትም ቢሆን ወላጆቻችሁን ቀስቅሳችሁ ንገሩ» ብዬ ግን ለአንድም ልጅ ተናግሬ አላውቅም። ለእህቴ ልጅም አልነገርኩትም። ልጁ በስልክ ውስጥ ነው የሚውለው። ስልክ የጠየቁትን ይመልሳል፣ እሱ ደግሞ በዚያ ሌሊት ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አላወቀም። የነበረው ሕመምና ሐፍረት ነው።

ስለ አእምሮ ጤናም አንድ ነገር ልበል። ልጆቻችን «ደበረኝ» ይላሉ። ክፍለ ጊዜ ሲሰለቻቸው ደበረኝ ነው፣ ጓደኛ ሳይመጣ ሲቀርባቸውም ደበረኝ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአልጋ መነሳት ያቃታት፣ ምግብ ያስጠላት ልጅም ያላት ቃል ያው ነው። «ደበረኝ» ስትል እኛም «ይለፍልሻል» ብለን እናልፋታለን። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ከሆነ አዋቂዎችን ከሚያጠቁ የአእምሮ ጤና ችግሮች ግማሹ የሚጀምረው እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ስለዚህ ደበረኝ ሲሉን «ከመቼ ጀምሮ? እንቅልፍስ ይወስድሻል?» ብለን እንጠይቅ። ሁለት ጥያቄ ነው፣ ጊዜ አይፈጅም።

አዘጋጁን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆች ስም ሳይጽፉ የሚጠይቁበት፣ ሐኪም በቀላል ቋንቋ የሚመልስበት ትንሽ ዓምድ ስጡን። ስብከት አይሁን። ልጆች ስብከት ከሸተታቸው ወዲያው ገጹን ይገልጡታል።

ሳጥኑ አሁንም ክፍሌ ውስጥ አለ። ባለፈው ዓርብ ስከፍተው አንድ ወረቀት ብቻ ነበረው፦ «ሐኪም ጋ ስገባ እናቴ ውጪ እንድትጠብቀኝ ብጠይቅ ይቻላል?» ይቻላል ብዬ ሰኞ ክፍል ውስጥ ለሁሉም ተናገርኩ። ማን እንደጻፈው ስለማላውቅ፣ እሷ ወይም እሱ ያን ቀን ክፍል ውስጥ መኖሩን እርግጠኛ አይደለሁም። ዓምዱን የምትጀምሩት ከሆነ ይህን ጥያቄ አስቀድሙልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባዮሎጂ መምህር