በቪዲዮ የሚቀዳ የምስክርነት ቃል ቀኑና ሰዓቱ በምስሉ ላይ ይታይ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ሐዋሳ ውስጥ በጥብቅና ሥራ የምተዳደር አንባቢያችሁ ነኝ። የምስክሮችን ቃል በድምፅና በምስል መቅዳት፣ በሌላ ከተማ ያለን ምስክርም በቪዲዮ ማሰማት እየተለመደ ከመጣ ወዲህ ብዙ ድካም ቀርቷል። አዲስ አበባ ሄዶ ለመመስከር ወደ 275 ኪሎ ሜትር መጓዝ ለአንድ አረጋዊ ወይም ለአንዲት አራስ ምን ማለት እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች ይህን ለውጥ አቅልለን አናየውም። ነገር ግን ለተከራካሪ ወገኖች በሲዲ ወይም በፍላሽ ከሚደርሱት ቅጂዎች መካከል መቼ እንደተቀዱ በምስሉ ላይ ምንም ምልክት የሌላቸው ያጋጥሙኛል። ይህ ጉድለት በአነስተኛ ወጪ ሊታረም የሚችል ሆኖ ሳለ የሚያስከትለው ጉዳት ከባድ በመሆኑ፣ የሚመለከታቸው ሁሉ እንዲያስቡበት ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

ጥያቄው ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ቀኑ በፋይሉ ዝርዝር መረጃ ውስጥ ይገኛል የሚል ነው። ይህ መልስ አያስተማምንም። ፋይሉ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ ሲገለበጥ ኮምፒውተሩ የተፈጠረበት ቀን ብሎ የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ የተገለበጠበትን ቀን ነው። በቴሌግራም እንደ ተራ ቪዲዮ ሲላክ ደግሞ መጠኑ ተቀንሶ እንደ አዲስ ስለሚዘጋጅ፣ ካሜራው የመዘገበው መረጃ አብሮት ላይደርስ ይችላል። በምስሉ ውስጥ የተጻፈ ቀንና ሰዓት ግን ቅጂው በየትኛውም መንገድ ቢተላለፍ፣ ከቪዲዮው አንድ ገጽታ ብቻ ተወስዶ በወረቀት ቢታተም እንኳ፣ አይለየውም።

ቀኑና ሰዓቱ ይታይ ማለት ብቻውን ግን አይበቃም፤ በየትኛው አቆጣጠር የሚለው ጥያቄ በእኛ አገር መልስ ያስፈልገዋል። ካሜራዎች ከፋብሪካ የሚወጡት በጎርጎርዮሳዊው ዘመንና ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው ሰዓት ተሞልተው ሲሆን፣ መጥሪያዎቻችንና የቀጠሮ ትእዛዞቻችን የሚጻፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። በምስሉ ጥግ «05/01/2018» የሚል ቁጥር ብቻ ቢገኝ፣ አንዱ መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ብሎ ያነበዋል፤ ሁለተኛው ጃንዋሪ 5 ቀን 2018፣ ማለትም ታኅሣሥ 27 ቀን 2010 ዓ.ም. ይለዋል፤ ወርን ከቀን በሚያስቀድመው የአሜሪካ አጻጻፍ የተሞላ ካሜራ ከሆነ ደግሞ ሜይ 1፣ ማለትም ሚያዝያ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ይሆናል። በመጀመሪያውና በሌሎቹ ሁለት ንባቦች መካከል ከ7 ዓመት በላይ ልዩነት አለ። በይርጋ፣ ማለትም በሕግ የተወሰነው ጊዜ አልፏል በሚል ክርክር ውስጥ ያለፈ ሰው ይህ ልዩነት አንድን መብት ሊያስቀር ወይም ሊያድን እንደሚችል ይረዳል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «02:30» የሚለው ቁጥር በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 2፡30 ወይም ከምሽቱ 2፡30 ሊሆን ይችላል፤ በካሜራው አነጋገር ግን ከሌሊቱ 8፡30 ነው። አንድ ተጠርጣሪ በፖሊስ ጣቢያ ቃሉን የሰጠው ጠዋት ይሁን ወይስ ሌሊት ከእንቅልፉ ተነሥቶ፣ ቃሉ በፈቃዱ የተሰጠ መሆን አለመሆኑን ለሚመረምር ዳኛ ትልቅ ነገር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው፣ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይታሰብ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል፤ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለውም ይደነግጋል። የስድስት ሰዓት የአነባበብ ስሕተት 48ቱን 42 ወይም 54 ያደርገዋል። ስለዚህ ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስሙ፣ ሰዓቱም «ከጠዋቱ» ወይም «ከሌሊቱ» ከሚል ቃል ጋር፣ ከጎኑም የጎርጎርዮሳዊው ቀን ከ24 ሰዓት አቆጣጠሩ ጋር ቢጻፍ እመርጣለሁ። መሣሪያው የኢትዮጵያን አቆጣጠር ማሳየት የማይችል ከሆነ፣ ቀረጻው ሲጀመር ሬጅስትራሩ ወይም መርማሪው የኢትዮጵያውን ቀንና ሰዓት በቃል ያሰማ። አገራችን ሰዓቷን በበጋና በክረምት የማትቀያይር በመሆኗ ሒሳቡ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው።

በእኛ ከተማ ለዚህ ጉዳይ ልዩ ክብደት የሚሰጠው የቋንቋ ነገር ነው። ምስክሩ በሲዳሙ አፎ ሲናገርና አስተርጓሚው ወደ አማርኛ ሲመልስ፣ ወደ መዝገቡ የሚገባው የአስተርጓሚው ቃል ነው። የትርጉም ክርክር በይግባኝ ሲነሣ የምስክሩን የራሱን አንደበት መልሶ ለመስማት የሚቻለው ከቪዲዮው ብቻ ነው። ጠበቃው ለይግባኝ ሰሚው ችሎት «በመስቀለኛ ጥያቄ ላይ ከረፋዱ 4፡37 የተናገረው ይደመጥልኝ» ብሎ ማመልከት ከቻለ ዳኞቹ በቀጥታ ወደዚያ ቦታ ይሄዳሉ፤ ካልቻለ ሰዓታት የሚፈጅ ቅጂ ከመጀመሪያው እንዲያዩ መለመን ነው የሚቀረው። በምስሉ ላይ የሚቆጥረው ሰዓት የቀረጻውን መቋረጥም ያሳያል። ምስሉ ከ4፡12 ወደ 4፡40 ከዘለለ በእነዚያ 28 ደቂቃዎች ውስጥ ምን እንደተደረገ መጠየቅ ይቻላል፤ ሰዓት ከሌለ ግን መቋረጡ ራሱ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 144፣ በቀዳሚ ምርመራ፣ ማለትም ዋናው ክርክር ከመሰማቱ በፊት በፍርድ ቤት በሚደረገው ምርመራ፣ ቃሉን የሰጠ ምስክር ከሞተ፣ አእምሮውን ካጣ፣ ሊገኝ ካልቻለ፣ ለመቅረብ በማይችልበት ደረጃ ከታመመ ወይም ከአገር ውጭ ከሆነ፣ ቀድሞ የሰጠው ቃል በማስረጃነት እንዲቀርብ ይፈቅዳል። እንዲህ ዓይነቱ ቃል በቪዲዮ የተያዘ ከሆነ መቼ ተናገርከው ተብሎ የሚጠየቅ ሰው የለም። ምስሉ ራሱ መናገር ይኖርበታል።

በአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 30 መሠረት፣ ከክርክሩ በፊት ከችሎት ውጭ በመሐላ የሚሰጥ የምስክርነት ቃል ሲቀዳ የሚያስፈጽመው ሹም ስሙን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የምስክሩን ስም በቀረጻው መጀመሪያ ይናገራል፤ የመቅረጫው ካሴት ወይም ዲስክ በተቀየረ ቁጥርም ይደግመዋል። ደንቡ የሚጠይቀው በቃል መነገሩን ሲሆን፣ በምስሉ ጥግ የሚታየው ሰዓት በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደ አሠራር ነው። አንድ ምስክር የሚጠየቅበት ጊዜ ፍርድ ቤቱ ወይም ተከራካሪዎቹ ካላራዘሙት በአንድ ቀን በ7 ሰዓት የተገደበ በመሆኑ ቆጠራው ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል።

በምስል ላይ የሚጻፍ ሰዓት ሊጭበረበር ይችላል የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። የካሜራው ባትሪ ሲያልቅ ሰዓቱ ወደ ፋብሪካው ቀን የሚመለስበት ጊዜም አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አዋጁ በሚመለከታቸው ጉዳዮች የኤሌክትሮኒክ ማስረጃ የሚያቀርብ ወገን ትክክለኛነቱን የማረጋገጥ ኃላፊነት እንዲኖርበት ያደረገውም ማስረጃው በቀላሉ ሊለወጥ ስለሚችል ነው። ስለዚህ ከቀረጻው በፊት የካሜራው ሰዓት ከአስተማማኝ ሰዓት ጋር መመሳከሩ በመዝገብ ይጻፍ፤ ቀረጻው እንዳበቃም ለዋናው ፋይል በኮምፒውተር ስሌት የሚገኘው መለያ ቁጥር ወጥቶ ተከራካሪዎች ባሉበት ይመዝገብ። ከፋይሉ ጥቂት እንኳ ቢነካ ይህ ቁጥር ይለወጣል። ጽሑፉ የምስክሩን ፊትና እጅ እንዳይሸፍን በታችኛው ጥግ በአነስተኛ ፊደል መሆን አለበት።

በመጨረሻ የማነሣው ቀደም ሲል ያለ ሰዓት ተቀድተው በየመዝገብ ቤቱ የተቀመጡትን ነው። እነዚህን ለማስተካከል በሚል ቅን ሐሳብ በዋናው ፋይል ላይ ቀንና ሰዓት መጨመር ፈጽሞ ተገቢ አይደለም፤ ጽሑፍ የተጨመረበት ቪዲዮ እንደገና የተዘጋጀ ሌላ ቪዲዮ ነውና። ዋናው እንዳለ ይቀመጥ፣ በቅጂው ላይ የተጨመረውን ቀንና ሰዓት ማን፣ መቼና ከየትኛው የችሎት መዝገብ ወስዶ እንደጨመረው ከቅጂው ጋር በጽሑፍ ይያያዝ፣ ቀኑን ከመዝገብ ማረጋገጥ ያልተቻለ ከሆነም ያው በግልጽ ይጻፍበት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጠበቃ፣ ከሐዋሳ