ለልጄ፣ ቆላ ድባ

ልጄ፣

አጎትሽ ደውሎ ትኩሳት ጥሎሽ እንደሰነበትሽ ነገረን። የደበቅሽን እናትሽ እንዳትደነግጥ ብለሽ ይሆናል፤ እሷ ግን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ደምሽን ተመርምረሻል? ያለሽበትን ደምቢያን ወባ ምን እንዳደረገው ለአንቺ አይነገርም። የተማርሽበት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እንኳ በ1954 እ.ኤ.አ. በጤና ኮሌጅነት የተከፈተው ከዚያ እልቂት በኋላ ነው። አጎበር ልኬያለሁ፤ ዘርግተሽ ተኚ።

የጥናት ረቂቅሽን አነበብኩት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት አባል ካልሆኑት ይልቅ ጤና ጣቢያ ስለሚመላለሱ መድኑ ሠርቷል ትያለሽ። ማን መረጠ? መድኑ ሲጀመር አባልነቱ በፈቃድ ነበር። ነፍሰ ጡር ያለችበት፣ አስም የሚያፍነው ሽማግሌ የሚጦርበት ቤት ቀድሞ ይመዘገባል። እነዚህ መድን ባይኖርም ከጤና ጣቢያ ደጅ አይጠፉም ነበር።

በ1854 እ.ኤ.አ. ለንደን ኮሌራ ሲገባ፣ በሽታው በውሃ እንደሚተላለፍ ሊያሳይ የተነሣው እንግሊዛዊ ሐኪም ጆን ስኖው ያገኘው ዕድል ሌላ ነው። ሁለት የውሃ ኩባንያዎች በአንድ ጎዳና ላይ ጎን ለጎን ላሉ ቤቶች ውሃ ይሸጡ ነበር። አንደኛው በ1852 መቅጃውን የከተማው ፍሳሽ ወደማይደርስበት የቴምዝ ወንዝ ላይኛው ክፍል አዛውሯል። በመጀመሪያዎቹ ሰባት ሳምንታት መቅጃውን ባላዛወረው ኩባንያ ደንበኞች ዘንድ በ10,000 ቤት 315 ሰው ሲሞት፣ በሌላው 37 ብቻ ሞተ። ብዙው ነዋሪ የማንን ውሃ እንደሚጠጣ እንኳ አያውቅም። ማን መረጠ? ነዋሪው አልመረጠም፤ የቁጥሩ ጉልበት ከዚያ ነው።

በእኛም ሰፈር ሆኗል። ቦኖ ሲተከል ቱቦው መንገዱ ዳር ሲደርስ አለቀ ተባለና ቆመ። ከወዲህ ያለነው ከቦኖ ቀዳን፤ ከማዶ ያለችው አክስትሽ እንስራዋን አዝላ ወንዝ ትወርዳለች። ክረምት ላይ ትንሹ ልጇን ተቅማጥ ወሰደው። ለቅሶው ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ «መንገዱን ቢሻገር ምን ነበረበት?» አለች፤ የመለሰላት የለም። ከማዶና ከወዲህ የተቀበሩትን ሕፃናት ለይቶ የቆጠረ ሰው ባለመኖሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ይህን ልጽፍ አልተነሣሁም ነበር።

መድኑ በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ የተጀመረው በ13 ወረዳዎች ነው፤ ሌሎቹ ዘግይተው ገቡ። ቀድመው የጀመሩትን ዘግይተው ከገቡት ጋር አነጻጽሪ። በመጀመሪያ ግን ከመድኑ በፊት የነበሩትን ዓመታት መዝገብ አይተሽ፣ በሁለቱ ወገኖች ወደ ጤና ጣቢያ የሚመላለሰው ሰው ቁጥር ያኔም ጎን ለጎን ይጨምርና ይቀንስ እንደነበር አረጋግጪ። ወረዳዎቹንስ ማን መረጠ? ይህንም ሳትጠይቂ እንዳትጽፊ!

ተሻለኝ ብለሽ መድኃኒቱን አታቋርጪ። በሶና ስኳር በአርብ መኪና ይደርስሻል። ስትቀበዪ ለእናትሽ ደውዪላት፤ በእኔ በኩል አትላኪባት።

አባትሽ
ጎንደር