ስለቱ እዚያው ደብረ ብርሃን ይሁን

ውድ እማዬ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቁ ልጄ ጉንፋን ጥሎት ሰንብቶ ነበር፤ አሁን ተነስቶ ቤቱን እያመሰው ነው። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን ነገሩ ረዘም ይላል፣ ኔትወርኩም እንደምታውቂው ነው። የዓይንሽ ሞራ ከተገፈፈልሽ ወዲህ ራስሽ ታነቢያለሽ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ በትልልቁ ጻፍኩልሽ።

የላክሽው ብር ደርሶኛል። "ዓይኔ ከበራልኝ ለድሃ ተማሪ ደብተር እገዛለሁ ብዬ ተስያለሁ፤ አንቺ ትምህርት ቤት አከፋፍዪልኝ" ብለሻል። ስለትሽን ይቀበልልሽ። ብሩን ግን በቴሌብር መልሼልሻለሁ። ከመቆጣትሽ በፊት እስኪ ምክንያቴን ስሚኝ።

የእኔ ተማሪዎች ደብተር አላቸው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደብተርና ዩኒፎርም ያድላል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉት ቁርስና ምሳ አለ። ምግቡን የሚሠሩት የሰፈሩ እናቶች ናቸው፤ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚገቡት። ጠዋት ፍርፍር ወይ ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ሩዝ ወይ እንጀራ በሽሮ። ወጡ ቀጠን ይላል። አንቺ ብትቀምሺው "ይሄ ደግሞ ወጥ ነው?" ማለትሽ አይቀርም። ግን ትኩስ ነው፣ በየቀኑም አለ። ድሮ ሰልፍ ላይ ባንዲራ ሲሰቀል ተዝለፍልፎ የሚወድቅ ልጅ አይጠፋም ነበር። ቢሮ አስገብተን ስንጠይቀው ከትናንት ምሳ ወዲህ አልበላም። አሁን እኔ ያለሁበት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ነገር አላይም። መንግሥትን ሳማ እንጂ ሳመሰግን ሰምተሽኝ አታውቂም፤ በዚህ ግን አመሰግናለሁ።

አሁን የሚጎድለን ሌላ ነው። አፍሬ አልደብቅሽም፤ ሞዴስ ነው። ሴቶቹ ልጆች 6ኛና 7ኛ ክፍል ሲደርሱ በየወሩ ይጠፋሉ። ባለፈው አንዷ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ፣ ክፍሉ እስኪወጣ ድረስ ከመቀመጫዋ አልነሳ አለችኝ። ሁሉም ለእረፍት ሲወጣ ነው የገባኝ። እኔ ጋ አንድ ቁልፍ ያለው መሳቢያ አለ፤ ሞዴስ፣ ሳሙናና የውስጥ ሱሪ እናስቀምጥበታለን። መምህራኑ ከደሞዛችን እናዋጣለን። ቁልፉ ያለው አንዲት መምህርት እጅ ነው፤ ልጅቷ መጥታ "ቲቸር፣ ቁልፉን" ካለች ይበቃል። ለምን ብሎ የሚጠይቃት የለም።

ያቺ በ2012 ዓ.ም. ሲኤንኤን የሸለማት መቐለ ፋብሪካ ያላትን ፍሬወይኒ መብራህቱን ታስታውሺያታለሽ? ቴሌቪዥን ላይ ያየናት። የምትሠራው እየታጠበ እስከ ሁለት ዓመት የሚያገለግል ሞዴስ ነው። ለድሃ ልጅ ከዚህ የተሻለ የለም። ብቻ ማጠቢያ ውኃና ሳሙና፣ ማስጫም ፀሐይ ይፈልጋል። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከአባትና ከወንድሞቿ ጋር የምትኖር ልጅ የት ታስጣው? ስለዚህ ሁለቱንም ዓይነት እንይዛለን።

ደብተሩ ግን መስከረም ላይ ይትረፈረፋል። ባንኩም፣ ድርጅቱም፣ ዕድሩም ያኔ ነው የሚመጣው። አንዱ ድርጅት አንድ ጊዜ ልጆቹን ባንዲራው ስር አሰልፎ፣ ቦርሳ እያሸከመ ፎቶ አነሳቸው። ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጣ። አንዷ ልጅ ከዚያ ወዲያ ስሟ "የእርዳታዋ" ሆነ፤ ቦርሳውን ቤት ትታ በፌስታል መምጣት ጀመረች። በዚህ ነገር እስከ ዛሬ ንድድ ይለኛል። አንቺ "በእንተ ስማ ለማርያም" ብሎ ደጅሽ ለሚቆም የቆሎ ተማሪ ቁራሽ አውጥተሽ አኩፋዳው ውስጥ ትከቺለታለሽ፣ ውሻውን ትይዢለታለሽ፣ አለቀ። ስሙን እንኳ ጠይቀሽ አታውቂም።

እና እማዬ፣ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የተቸገረ ተማሪ የምትፈልጊ ከሆነ ጓሮሽ ውስጥ አለልሽ። ሰርቪሱን ያከራየሻቸው የገጠር ልጆች 9ኛና 10ኛ ክፍል ናቸው። እነሱን ማን ያበላቸዋል? ከቤት የያዙት እንጀራ ሐሙስ ላይ ሻግቶ፣ የቀረውን ድርቆሽ አድርገው፣ እሱም ሲያልቅ በሶ በጥብጠው ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። ገበያ ቀን ስንቅ የሚያመጣላቸው ሰው መንገድ ተዘጋብኝ ብሎ የቀረ ዕለት በሶውም የለም። ከወንድሞቿ ጋር ያለችው ልጅ ደግሞ ማገዶውም፣ ወጡም፣ ልብሱም በእሷ ላይ ነው። በኩበት ጭስ ዓይኗ ቀልቶ ስታጠና አይቻታለሁ። ታኅሣሥ ላይ በዚያ ውርጭ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ፣ ሦስቱ በአንድ ጋቢ ያድራሉ።

ወንድሜ "ወላጆቻቸው አሉ አይደል እንዴ!" እንደሚልሽ አውቃለሁ። አዎ፣ አሉ። ልጃቸውን ከተማ ልከው ኪራይ መክፈላቸውም ትልቅ ነገር ነው። ግን በሰኔ ጎተራው ሲራቆት ከየት ያምጡ? ብዙ ልጅ ትምህርቱን ጥሎ የሚሄደው ያኔ ነው፤ ፈተና ሊደርስ ሲል።

ስለዚህ ብሩን በአንድ ቀን አታውጪው። ግማሹን ብርድ ልብስ ግዢበት። ሌላውን አስቀምጪውና ስንቅ ያለቀ ሰሞን ጤፍና ሽሮ አስፈጪበት። በገንዘብ አትስጪያቸው፤ ያፍራሉ፣ ወይ ለወላጅ ይልኩታል። እንጀራ ስትጋግሪ ምጣዱ ሳይበርድ ልጅቷን ጠርተሽ "የተረፈ ሊጥ አለ፣ ለእናንተም አውጪበት" በያት። የተረፈ አለመሆኑ ይገባታል፤ ግን ትወስዳለች። ሌላ የተቸገረ ካለ ለማወቅ ደግሞ የክፍል ኃላፊ መምህራቸውን ጠይቂ፤ እነሱ ማን ምሳ ሰዓት ከግቢ እንደማይወጣ ያውቃሉ።

ኪራይ ልጨምር ነው ያልሽውንም ለሚቀጥለው ዓመት ብታሳድሪው ጥሩ ነው። ይህንን ቀስ ብዬ ነው የምናገረው።

ስንት ሴት ልጆች እንዳሉ ጠይቀሽ ደውዪልኝ። ሞዴሱንና ሳሙናውን ከመርካቶ በጅምላ ገዝቼ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን በሚኒባስ እልክልሻለሁ። ካርቶኑ ላይ ያንቺን ስም ነው የምጽፈው፤ መናኸሪያ ሄዶ የሚቀበል ሰው አዘጋጂ።

የምትወድሽ ልጅሽ
ከአዲስ አበባ