የመንገድ ደኅንነት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን የተመሠረተው በሐዘን ነው። በ2016 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን መገባደጃ ላይ የ9ኛ ክፍል ተማሪያችን ጠዋት ከድሬዳዋው ሳቢያን ሰፈር በብስክሌቱ ሲመጣ በፍጥነት ይጓዝ በነበረ መኪና ተገጭቶ ሕይወቱ አለፈ። ቤተሰቡ እንድናስታውሰው ስለፈቀዱልን እናመሰግናለን፤ ስሙን ግን እዚህ አላሰፈርንም። መስከረም ላይ የክፍል ጓደኞቹ «ቲቸር፣ ዝም ብለን እንቀመጥ?» ብለው መጡ፤ ክበቡም በ11 አባላት ተጀመረ።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር የኖቬምበር ሦስተኛ እሑድ በትራፊክ አደጋ ለሞቱ ሰዎች መታሰቢያ እንዲሆን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን፣ ዘንድሮ ቀኑ ኅዳር 8 ላይ ዋለ። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ የተጀመረውን፣ ለሞቱ ብስክሌተኞች ነጭ ብስክሌት የማቆም ልማድ ተከትለን ለዚሁ ቀን የልጁን ብስክሌት ነጭ ቀለም ልንቀባው ወሰንን። ብስክሌቱን ከቤት ድረስ እየገፉ ያመጡልን እናቱ ናቸው። የፊት ጎማው ታጥፏል፣ መሪውም ተጣሟል፤ በኋላው የዕቃ መጫኛ ላይ ደብተሮቹን ያስርበት የነበረው ጥቁር የጎማ ላስቲክ ግን እንደተቋጠረ ነበር። ቀለም የምትቀባው ልጅ ላስቲኩ ጋ ስትደርስ ብሩሹን ይዛ ቆመች። እናቱም «ልጄ፣ እሷን ተያት፤ እሱ ነው ያሰራት» አሏት። ብስክሌቱ ዛሬም በግቢያችን በር አጠገብ ነጭ ሆኖ ቆሟል፤ ላስቲኩ ብቻ ጥቁር ነው።

በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ያስተማርነው ብስክሌተኞችን ብቻ ነበር፤ ፍሬን መፈተሽን፣ ቀኝ መያዝን፣ አንጸባራቂ ማድረግን። ይህ አስፈላጊ ቢሆንም በቂ አለመሆኑን ዘግይቼ ተረዳሁ፤ ልጃችን ቀኙን ይዞ ነበር፣ ፍሬኑም ደህና ነበር። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ከፊዚክስ መምህሩ ጋር በሜዳው ላይ በጠመኔ ለካን። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና አሽከርካሪው ፍሬን ከመያዙ በፊት ባለችው አንድ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ፣ በ50 ከሆነ ደግሞ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚፈጀው ርቀትም ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ተማሪዎቹ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን ርቀት በእግራቸው ሲለኩ የተናገረ አልነበረም።

ድሬዳዋ ሜዳማ ከተማ ናት። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከደረሰ በኋላ የተቀየሱት የከዚራ ሰፈር ቀጥ ያሉ መንገዶች ለብስክሌት ይመቻሉ፤ ሆኖም ያው ቀጥ ያለ መንገድ አሽከርካሪውንም ለፍጥነት ይጋብዘዋል። በዚያ ላይ ባጃጅ ተሳፋሪ ለማንሣት ድንገት ጥጉን ሲይዝ ብስክሌተኛው ወደ መሀል አስፋልት ለመውጣት ይገደዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ልጆችንና ወጣቶችን ከማንኛውም በሽታ ይልቅ የሚገድለው የመንገድ አደጋ ነው፤ ስለዚህ ጥንቃቄውን ሁሉ በልጆች ትከሻ ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው ብዬ አምናለሁ።

ጉዳዩ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ በትምህርት ቤት አካባቢ የ30 ኪሎ ሜትር ወሰን እና በድንጋይ የተለየ የብስክሌት መስመር እንዲደረግልን በደብዳቤ ጠየቅን። ሚያዝያ ላይ በራችን ፊት ዜብራ ተቀባ፤ ለሌላው መልስ አላገኘንም።

ግንቦት 13 ቀን ከቀኑ በ11 ሰዓት 27 ብስክሌተኞች ቃል ሳንተነፍስ፣ ደወልም ሳናሰማ አደጋው ወደደረሰበት ቦታ በዝግታ ተጓዝን። ከኋላችን የነበሩት ባጃጆች ጥሩንባ ሳያሰሙ ተከተሉን። እናቱ ቦታው ላይ ቆመው ጠበቁን፤ መስከረም ላይ ደብዳቤውን እንደገና ስናስገባ አብረውን እንደሚሄዱም ነገሩን።